ማሽኑ የተኳለ ዕለት

ዛሬ ጋምቤላ፣ ለዒድ ልኳል ብዬ የኩሉን ብልቃጥ ስከፍት ጥቁሩ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ወዲያው ቡታጅራ ያለው የአባቴ ቶርኖ ቤት በዓይኔ መጣ።

አባቴ አሮጌ ፍሬዛ ነበረው፤ ብረት የሚፈለፍል ማሽን። የቢላው መያዣ ሲሰበር፣ መያዣው ለሚገባበት የማሽኑ አፍ የሚሆን ከገበያ ጠፋ፤ አዲሶቹ መያዣዎች ሁሉ ያንሱበታል። "እስከ ሐሙስ ካልሆነልኝ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ" አለና በአሮጌው አፍና በአዲሱ መያዣ መሀል የሚገባ፣ እጅጌ የመሰለ ብረት ይቀርጽ ጀመር።

ረቡዕ ከሰዓት የእናቴን ኩል እንዳመጣለት ላከኝ። በዘይት ለውሶ እጅጌውን በስሱ ቀባ፤ አፉ ውስጥ አዙሮ አወጣው።

"ኩሉ የለቀቀበት ቦታ ነክቷል፤ የቀረበት ግን ገና እንግዳ ነው" አለኝ። ብረት እንዴት እንግዳ እንደሚሆን አልገባኝም።

የነካውን ፋቀ፣ ቀባ፣ አስገብቶ አወጣ፤ ደግሞ ፋቀ። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

"እኔ ሳልኳል ማሽንህ ተኳለ?"

"ዛሬ ሙሽራዋ እሷ ናት፤ አንቺ ታገሺ" አላት ቀና ሳይል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኩሉ ዙሪያውን ለቀቀ። አባቴ አዲሱን መያዣ ገጥሞ "ቢስሚላህ" ብሎ ማሽኑን አስነሳው፤ ሳይንቀጠቀጥ ብረቱን ላገ። ሐሙስ ቁራሌው ጋሪውን ባዶ ይዞ ተመለሰ።

እዚህ ጋምቤላ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ጎረቤቶቼ "የኛ" ይሉኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ዒድ ሲደርስ ብቻ፣ በአንድ ጎኔ ኩሉ ገና አልለቀቀም።