እትዬ መርፌ፣ አራተኛ ፎቅ

እኔን የሚያበሽቀኝ፣ ሰው የገዛ ዓይኑን ትቶ ሰዓት ሲያምን ነው። እዚህ ሕንጻ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ ማን ተኮራርፎ በሩን ደርግሞ ሄደ፣ አንዱም አያመልጠኝም። ሕንጻው ሊፍት የለውም። የሊፍቱ ጉድጓድ አለ፤ ሊፍቱ ግን ይመጣል ይመጣል እንደተባለ ቀረ። ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄድ ሁሉ በእኔ ፊት ማለፉ ግድ ነው።

ከሚያልፉት ሁሉ የማከብራቸው እትዬ መርፌን ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። ቀጭን ስለሆኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሳቸውም ይወጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የሚሰፉባት አንዲት ክፍል አለቻቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያንን አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሙሉ ልብስ አልብሰው ለቢሮ ያበቁት በዚያች ክፍል ነው። በመስኮቷ የሚገባው ብርሃን ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለይቶ ያሳያል ይላሉ። "ምድር ቤት ክፍል ተለቋል፣ ለምን አይወርዱም?" ያላቸው ሰው ወዮለት።

"ጨለማ ውስጥ ይተኛል እንጂ ይሰፋል እንዴ!"

ታዲያ ጉልበታቸውን ታመሙና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ "ደረጃ ቀስ ብለው ቢወጡ ይጠቅምዎታል፤ ካቃተዎት ግን አይታገሉ" አላቸው። ልጅየው ከዚህ ሁሉ "ካቃተዎት" የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱን ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን ማሰር ማሰር ይለዋል። የእሱ ቤት ደረጃ የለውም። ክፍሏን ዘግቶ እናቱን እዚያ ሶፋ ላይ ሊያስቀምጥ ቋመጠ። እሳቸው ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ አሉ። ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ሰዓት አመጣላቸው፤ ያንን እጅ ላይ ሆኖ እርምጃ የሚቆጥረውን፣ ስንት ፎቅ እንደወጣችሁ እያየ በስልክ ወሬ የሚያቀብለውን። ራሱም የዚያን መንትያ ያደርጋል።

"እማዬ፣ በየቀኑ መውጣትሽን ይህ ከነገረኝ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም። አልወጣችም ካለኝ ግን አቅቶሻል ማለት ነው። ወሩ ሲያልቅ እዘጋዋለሁ።"

"ተስማምቻለሁ" አሉ።

እትዬ መርፌ ተስማማሁ ካሉ አለቀ። በቀጠሩት ቀን ያላስረከቡት ልብስ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ሰዓት ባሰሩበት ግራ እጃቸው የደረጃውን ብረት ጭምድድ ያደርጋሉ፤ በቀኝ ብብታቸው የጨርቅ ጥቅል ይሸጉጣሉ። እንዲህ ሆነው አንድ ፎቅ ይወጡና ቆም ብለው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ትንፋሽ መሰብሰባቸው እንዳይታወቅባቸው ደግሞ በሩን ከፍቶ የተቀመጠውን ሁሉ ይጎነትላሉ። "አንተ፣ ይቺን ሸሚዝ ካስተኮስክ ስንት ዓመት ሆነ?" ሲሉ ከሰማሁ ሁለተኛ ፎቅ ደርሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የስፌት መኪናቸው ቀጭቀጭ ሲል "ገቡ!" እላለሁ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም ሥራዬን የምጀምረው።

በልጃቸው ስልክ ላይ ግን ምን ይነበባል? ዜሮ! እትዬ መርፌ አንድም ቀን፣ አንድም ፎቅ አልወጡም!

አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣና ቆመ። "እውነቱን ንገረኝ። እማዬ የምትውለው እዚህ አንተ ጋ ነው አይደል?"

"እኔ ጋ ምን ሊያደርጉ? ቁልፍ ሊቀርጹ? በየቀኑ ይወጣሉ! በዓይኔ በብረቱ አያለሁ!"

"ወዳጅህ ስለሆነች ነው የምትሸፍንላት። ሰዓት አይዋሽም።"

ደሜ ፈላ። ሰዓት የማይዋሽ ከሆነ እንግዲህ ውሸታሙ እኔ ነኝ ማለት ነው! የያዝኩትን ሞረድ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

አንድ እሑድ ደግሞ እትዬ መርፌ ልጃቸው ቤት ዋሉ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ ነፋሱ ለጉድ ነው። እሳቸው ሥራ መፍታት አይሆንላቸውምና መጥረጊያ ይዘው ሳሎኑን ሲጠርጉ፣ ሰዓቱ እጃቸው ላይ ተንዘረዘረ። ለካ የዕለቱን ፎቅ ስለጨረሱ እንኳን ደስ አለዎት እያላቸው ኖሯል! በማግስቱ ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ።

"'አንተ ልጅ፣ ሳትነግረኝ ቤትህ ላይ ፎቅ ሠራህበት እንዴ?' አልኩት።"

"ምን አለ ታዲያ?"

"ዝናብ ሲመጣ የአየሩ ግፊት ይለወጣል፤ ከፍታውን የሚያውቀው በአየሩ ስለሆነ አልፎ አልፎ ይሳሳታል አለኝ። 'ያልወጣሁትን ከቆጠረ የወጣሁትን አልቆጠረም ማለት አይደለም ወይ?' ብለው ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።"

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን እትዬ መርፌ የደረጃውን ብረት እየዳበሱ "ምን ይደረግ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አንጀቴን በሉት። እዚህ ግባ በማይባል ዕቃ የተነሳ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሊነጠቁ ነው!

ወሩ አለቀ። ልጅየው ፒክአፕ ይዞ ከተፍ አለ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስላለበት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሷል። እኔን እንዳግዘው ሲጠይቀኝ እምቢ ልለው አፌን ስከፍት፣ እናቱ ቀደሙኝ።

"አግዘው እባክህ፣ ወገቡን እንዳይሰብር።"

እናት!

የስፌት መኪናው የድሮ ነው፤ ብረቱ አይጣል ነው። እግሩንና ጠረጴዛውን ለሁለተኛ ዙር ትተን ዋናውን ብረት እያቃሰትን አወረድነው። ፒክአፑ ላይ ልንጭን "በል አንድ፣ ሁለት..." ብሎ ልጅየው ቁጢጥ ከማለቱ፣ ጨርርርር!

ሱሪው ነው። ከመቀመጫው እስከ ቀበቶው።

መንገደኛው በሳቅ አውካካ። ልጅየው ጀርባውን ከፒክአፑ ጋር አጣብቆ ቀረ። ስብሰባው ደርሷል፤ ቤቱ ከከተማው ማዶ ነው።

"እማዬ! ስፊልኝ በናትሽ!"

እትዬ መርፌ ቅዳጁን አገላብጠው አዩት። "ይሰፋል" አሉ። "ግን በእጅ ከሰፋሁት ስብሰባው ላይ ስትቀመጥ እንደገና ይተረተራል። ይህን የሚችለው መኪናዬ ነው። መኪናዬ ደግሞ ያለ እግሩ አይሠራም። እግሩ እላይ ነው።" ይህን ብለው ጥቅላቸውን ሸጎጡ፤ ብረቱን ያዙ። "እኔ ቀድሜ በሩን ልክፈትላችሁ።"

ምን ምርጫ አለው? ተሸከምን። ከኋላዬ ሰው አይሁን ብሎ የታችኛውን ጫፍ ራሱ ያዘ፤ ክብደቱ ሁሉ እሱው ላይ ወደቀ። አንድ ፎቅ ወጥተን አረፍን። ሌላ ወጥተን አረፍን። ከበላያችን እትዬ መርፌ ሰውን ሲጎነትሉ ይሰማናል፤ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ልጅየው ላብ በላብ ሆኖ "ቆይ... ቆይ..." ከማለት ሌላ ቃል ጠፋው።

ስንደርስ እሳቸው መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው መርፌ ላይ ክር አስገብተው ጨርሰዋል።

መኪናውን እግሩ ላይ አስቀመጥነውና ልጅየው ወለሉ ላይ ተዘረጋ። የለመደበት ነውና እንደተጋደመ ሰዓቱን አየ። ነካ ነካ አደረገው። አራገፈው። ከዚያ ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

"ዜሮ ይላል! እንዴ! ወጥቻለሁ እኮ! ይኸው፣ ልቤ ልትፈነዳ ነው እኮ!"

"ሰዓት አይዋሽም" አልኩት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

እትዬ መርፌ ከመርፌያቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ "ካልወጣህማ ታች ነህ ማለት ነው። ይሄ እላይ የማየው ታዲያ የማን ልጅ ነው?" አሉ።

ልጅየው ብረት ጨብጠው የደነዘዙ ጣቶቹን ያያል፤ መልሶ የእናቱን ግራ እጅ ያያል።

"እማዬ... ስትወጪ ሰዓቱን ባሰርሽበት እጅሽ ብረቱን ትይዢያለሽ?"

"ሳልይዝ በምን ልውጣ? በክንፍ?"

"በየፎቁም ትቆሚያለሽ?"

"አንተስ አልቆምክም?"

"ለካ..." አለ ቀስ ብሎ። "እጅ ካልተወዛወዘ መራመድሽን አያውቅም። በየመሃሉ ስትቆሚ ደግሞ ይጠፋበታል። ይህን ሁሉ ቀን ስትወጪ ነበር። በዚህ ጉልበት! እኔ ደግሞ..." ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይቅር በይኝ እማዬ።" ወደ እኔም ዞረ። "አንተም ይቅር በለኝ ወንድሜ።" ይቅር አልኩት። ለነገሩ በዚያች ሰዓት ጠላቴንም ይቅር እል ነበር።

"ይቅርታው ይደርሳል" አሉ እናቱ። "አሁን ሱሪህን አውልቅ።"

ያ የቢሮ ሰው የመስኮት መጋረጃ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እትዬ መርፌ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈቱና በቦታው የመርፌ መሰኪያቸውን አሰሩ። መኪናው ቀጭቀጭ ማለት ሲጀምር ከታች ካሉት ፎቆች አንዱ "ተመልሰዋል! እትዬ መርፌ ተመልሰዋል!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አጨበጨበ። እኔም ሳይታወቀኝ አብሬ ስጮህ ነበር።

ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሱሪውን አቀበሉት። ለበሰው፣ ተቀመጠበት፣ ተነሳበት፤ ስፌቱ ፍንክች አላለም። በሩ ላይ ደርሶ ክፍሏን ሊዘጋበት ይዞት የነበረውን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው።

"ሂድ፣ ስብሰባህ እንዳያልፍብህ" አሉት፤ የሚቀጥለውን ጨርቅ እየዘረጉ። "ነገም ቢቀደድብህ እዚሁ ነኝ።"