በፋሲካ ዋዜማ የመለስኩት ሊጥ

ሰዎች «እናንተ እኮ ዕድለኞች ናችሁ» ሲሉኝ እናደዳለሁ። የምናደደው አንድ የፋሲካ ዋዜማ ትዝ እያለኝ ነው። ነገሩ የደረሰው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ያን ቀን ከተማው በሙሉ ገበያ ሆኖ ደጃችን ቢመጣ በሩ ላይ ቆሜ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከታናሽ ወንድሜ ከይበልጣል ጋር ዳቦ ቤት አለን። የጀመርነው በእንጨት ምድጃ ነው፤ በኋላ እንደ ሌላው ሁሉ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዛን። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ዳቦ ቤት የእንጨት ምድጃውን አፍርሶ በቦታው የሻይ ጠረጴዛ ደረደረ። ይበልጣልም የኛም ይፍረስ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። መብራት ኖረም አልኖረም፣ በየሳምንቱ ረቡዕ የእንጨቱ ምድጃ ይነድዳል፤ የዕለቱ ዳቦም እዚያ ይጋገራል አልኩ። ያልነደደ ምድጃ እርጥበት ይገባዋል፣ የሠራተኛም እጅ ይረሳል። ደንበኞቻችን ረቡዕን «የሙዚየም ቀን» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ይቀልዱ፤ እንጨቱን የምገዛው እኔ ነኝ።

ሌላም ሕግ ነበረኝ፤ ወንድሜን የባሰ የሚያበሽቀው ይኼኛው ነው። እንደሚታወቀው በበዓል ዋዜማ የከተማው ሰው የድፎ ሊጡን በትሪ አድርጎ ወደ ዳቦ ቤት ያመጣል፣ አስጋግሮ ይወስዳል። እኛ የምንቀበለው፣ መብራት ቢጠፋ የእንጨቱ ምድጃ ብቻውን ሊያደርስ የሚችለውን ያህል ነበር። ከዚያ በላይ አንድ ትሪ አንጨምርም። ስለዚህ መብራት እያለ፣ መጋገሪያው ባዶ ቦታ እያለው ሰው እንመልሳለን። የመለስነው ሁሉ ታች ወዳለው ዳቦ ቤት ይሄዳል።

«እታለም፣ ደንበኛ ለተፎካካሪው የሚሸኝ ነጋዴ ካንቺ ሌላ አላየሁም» ይለኝ ነበር ይበልጣል።

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቁጥራችን ሞላ። የቤቴም ድፎ ከመሀሉ ነበር። በሩን ገርበብ ሳደርግ እማማ ጥሩወርቅ ትሪያቸውን ታቅፈው ደረሱ። የንስሐ አባታችን ባለቤት ናቸው።

«ሞልቷል እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ለአንድ ትሪ?»

ቅር ብሏቸው ወደ ታች ወረዱ። ይበልጣል ከኋላዬ ሆኖ «አሁንስ አበዛሽው» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። የእንጨቱ ምድጃ እንደ በዓል ዋዜማ ልማዳችን ከጠዋት ጀምሮ ሲሞቅ ስለነበር የተቀበልነውን ሊጥ በተራ በተራ እሱ ውስጥ ማስገባት ጀመርን።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ሰው በሩጫ መጣ። ሊጥ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሊጡ ኩፍ ብሎ ከትሪው ጫፍ ይንጠለጠላል፣ ልብስ ላይ ይፈሳል። በራችን ሞላ። እጥፍ ልክፈል የሚል አለ፣ የሚለምን አለ፣ የሚቆጣም አለ።

ይበልጣል ወደ ጓዳ ጎተተኝ። «እታለም፣ እግዜር ከተማውን አምጥቶ ሰጠን። ዛሬ ከተቀበልናቸው ከነገ ጀምሮ የኛ ናቸው።»

አልተፈተንኩም ብል ዋሸሁ። ግን ምድጃው ያው ምድጃ ነው። ከአቅሙ በላይ ከተጨመረበት የጠዋቱም ያሁኑም ሊጥ እኩል ይበላሻል። አምነውን ትሪያቸውን ጥለው የሄዱት ሰዎች ማታ ሲመጡ ምን ልንሰጣቸው ነው?

«አንድም አይገባም» አልኩት።

«እንግዲያው ራስሽ ንገሪያቸው» ብሎ ወደ እንጨቱ ሄደ። ነገርኳቸው። የወረደብኝን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

ከሰዉ መሀል እማማ ጥሩወርቅ ብቅ አሉ። ትሪው የጠዋቱ ነው፤ ሊጡ ግን አብጦ ነጠላቸው ላይ ተለጥፏል። አልለመኑኝም። «እንግዲህ አይቆይልኝም» ብቻ አሉ። ባለቤታቸው ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን አውቃለሁ። ጾማቸውን የሚፈቱበት ዳቦ ይኼ ነው።

ትሪውን ተቀብያቸው ገባሁ። ተራ ከሚጠብቁት አንዱን አወጣሁና የእሳቸውን በቦታው አስቀመጥኩ። ይበልጣል አየኝ።

«ለቄስ ሚስት ሲሆን ሕጉ ተሻረ?»

«ቁጥሩ ያው ነው።»

«የማንን አወጣሽ?»

«የቤቴን።»

ትሪውን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ እጁን አራግፎ ወደ በሩ ሄደ። የቀረውን ሰው ራሱ ይቅርታ እየጠየቀ ሲመልስ ሰማሁት።

ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት የተቀበልነው ሁሉ ተጋግሮ ወጣ። አንድም አላረረ፣ አንድም ጥሬ አልሆነ። መብራት የመጣው በማግስቱ ነው። ወዲያው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የከተማው መሳቂያ እሆን ነበር፤ ይኼን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቢሳቅብኝም በሚቀጥለው በዓል ያንኑ አደርግ ነበር።

በፋሲካ ዕለት የንስሐ አባታችን ዳቦ ሊባርኩ ቤታችን መጡ። «በሉ አቅርቡልኝ» አሉ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ጧት የቆረስሁት የናንተን ነዋ» አሉ። እንጀራውን ባርከው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እማማ የድፏቸውን ግማሽ በነጠላ ሸፍነው ይዘውልን መጡ። ስበላው አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከድካም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በኛ መንገድ ላይ ስንት ዳቦ ቤት ተከፍቶ ተዘጋ። እኛ አለን። ዕድለኞች ለሚሉን የምመልሰው አንድ ነው፤ መብራቱ እኮ የጠፋው በሁላችንም ላይ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ አሁን በዋዜማ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ባለፈው ገና ግን አርፍደው መጡ። መብራት ነበር፣ መጋገሪያውም ቦታ ነበረው። «ሞልቷል እማማ» አልኳቸው። ወደ ውስጥ ዞር ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ፣ የልጆችሽን እንዳታወጭ። ያረፈድሁት እኔ ነኝ» አሉና ትሪያቸውን ታቅፈው ወደ ታች ወረዱ።

እስኪርቁ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። በሩን ግን ዘጋሁት።