ካራቲስቱ አምባዛና የእትዬ ከድጃ ሳህን

ልጅ እያለሁ ዓሣ ነፍሴ ነበር፤ አሁን ነው የማልበላው። ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ባሕር ዳር አድጎ ዓሣ የማይበላ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ዓርብ ዓርብ ሐይቁ ዳር ለምሳ ሲወጡ እኔ ሽሮዬን አዝዤ፣ ፊቴን ከእነሱ ሳህን መልሼ እቀመጣለሁ። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ አለርጂ አለብኝ እላለሁ። የምን አለርጂ!

ባለፈው ሰሞን ትንሹ ልጄ ስልኬን ይዞ እየሮጠ መጣና "እማዬ እይው፣ ያዝሁት!" አለኝ። አውሬ እያጠመዱ፣ እያሠለጠኑ የሚያደባድቡበት ጨዋታ ነው። ስክሪኑ ላይ በሁለት እግሩ የቆመ፣ ከንፈሩ የተዘረገፈ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ ረጃጅም ጢም የተንጠለጠለበት፣ ወገቡን በካራቴ ቀበቶ ሸብ ያደረገ ፍጡር ቡጢውን ጨብጦ ያፈጥብኛል። ኤጭ! ዛሬም አለ እንዴ ይኼ ነገር? ቀለም ተቀብቶ መጣ እንጂ ራሱ ነው። ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ሶፋው ላይ ስወረውረው ልጄ ደንግጦ አለቀሰ። እሱን እያባበልሁ ሳለ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በቆርቆሮ ታሽጎ የዋለ የዓሣ እንቁላል ሽታ ነው፤ የሸተተው ያውቀዋል፣ ያልሸተተውም አይሽተተው።

ያኔ የምንኖረው ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩ የኪራይ ቤቶች በአንዱ ነበር። አባቴ በዝውውር የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጋሼ ይመርና እትዬ ከድጃ ነበሩ። ጋሼ ይመር ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጠዋት መረባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲመለሱ ግቢው በሙሉ እርጥብ ደንገልና የሐይቅ ጭቃ ይሸት ነበር። ያን ሽታ እወደው ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። ልጃቸው ዘሃራ እኩያዬ ናት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ነበርን። ግድግዳው ጭቃ ስለነበር እኔ በዚህ በኩል ሳስነጥስ እሷ በዚያ በኩል "ይማርሽ!" ትለኛለች።

እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረን፣ ማንም ግን ቅር ብሎት አያውቅም። ዓሣ ግን አይታረድ፣ አይባረክ፤ ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚመላለሰው ዓሣ ነበር። እናቴ በጾም ዓሣ አትበላም። እትዬ ከድጃ ደግሞ የጾማችንን መግቢያና መውጫ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ጾም ሲገባ ሳህናቸው ይቆማል፣ በተፈታ ዕለት ማለዳ ግን ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ባለበት የብረት ሳህን ትኩስ የዓሣ ጥብስ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ቃሪያ ጣል ተደርጎበት ከተፍ ይላል። እናቴም ሳህኑን ባዶውን አትመልስም። ዳቦ ትቆርስበታለች፣ በክረምት ደግሞ የበቆሎ እሸት ትከምርበታለች።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት የአጎቴ ልጅ ናቲ ከአዲስ አበባ መጣብን። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ማስቲካውን እያላመጠ "እዚህ አገር ምንድን ነው እንደዚህ የሚሸተው?" ያለው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነው። በዚያው ቀን ልጠላው ይገባኝ ነበር፤ ግን ሳሙና የምታክል፣ ስክሪኗ አረንጓዴ የሆነች ጌም ይዞ መጣ፣ እኔና ዘሃራም ከሥሩ የማንጠፋ ሆንን። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም በጥርሳችን ነክሰን ነክሰን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሞቀው ነበር። ይኼው ዛሬም የዚያ ብረት ጣዕም ምላሴ ላይ አለ።

ከአውሬዎቹ ሁሉ የወደድነው ያን ባለ ጢሙን ካራቲስት ነው። ጉልቤ ብለን ስም አወጣንለት። ጉልቤ ማዕረግ ሊያድግ ሲል አንድ ድቡልቡል፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ይሰጠዋል። እሱን ይውጣል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀበቶው ይጠቁርና በአንድ ርግጫ ቋጥኝ ይሰነጥቃል። ሌላ አገር ያለ ልጅ ከረሜላ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኛ ግን የሐይቅ ዳር ልጆች ነን፤ አምባዛ የሚባለውን ባለ ጢም ዓሣ እናውቀዋለን። ጢሙ አምባዛ፣ አፉ አምባዛ! ክረምት ደግሞ አምባዛ በእንቁላል የሚያብጥበት ወቅት ነው። ዘሃራ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና "የሚውጠው እንቁላሉን ነው" አለች። አንዳችንም አልተጠራጠርንም።

ናቲ ወዲያው አሠልጣኝ ሆነ። ጉልቤ ድቡልቡሉን ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ስለሚጠብቅ እኛም እንጠብቃለን ብሎ ደነገገ። ጋሼ ይመር ዓሣ ከሚበልቱበት ድንጋይ ሥር ዘሃራ ሁለት እፍኝ እንቁላል ይዛ መጣች፤ በቲማቲም ቆርቆሮ አድርገን ክዳኑን ገጠምንበትና አጥሩ ሥር ደበቅነው። ከተሰበረ ጃንጥላ ላይ ጥቁር ጨርቅ ቀድደን ሁለት ቀበቶ ሠራን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው የጾምሁት ፍልሰታ ነው። ሲፈታ ልቆርብ፣ እናቴም ነጭ ቀሚስ አሰፍታልኝ ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰብን። ናቲ ክዳኑን ሲከፍተው እኔ ወደ ኋላ ተንደረደርሁ። አረንጓዴ የነበረው ወደ ቡናማ ዞሯል፣ ላዩ አረፋ ደፍቋል፣ ዝንቡ ከየት መጣ ሳይባል ወረረን። ናቲ ማንኪያውን ነክሮ ሲያወጣው እንደ ንፍጥ እየተሳበ ተከተለው። ቱ! ስጽፈው እንኳን ምራቄ ይሞላል። "አንድ አንድ ማንኪያ። የዋጠ ቀበቶ ያገኛል፣ ያልዋጠ ከቡድኑ ይወጣል" አለ። "አንተስ?" አለችው ዘሃራ። "አሠልጣኝ አይውጥም" አለ፣ ማስቲካውን እያላመጠ።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ማንኪያው አፌ ሥር ሲደርስ ፊቴን አዞርሁ። "እኔ ጾመኛ ነኝ!" ብዬ ጮህሁ። ሰበብ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፤ አንድ ቀን ሙሉ ስንዘጋጅ ጾሜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ናቲ ቀበቶዬን ጠቅልሎ ኪሱ ሊከትተው ሲል እንባዬ መጣ። ያኔ ዘሃራ "ስጣት። የሷንም እኔ እውጥላታለሁ፤ እኔ አልጾምም" አለች። ዓይኗን ጨፍና አንዱን ዋጠች። ታነቃት፣ ደረቷን መታች፣ ሁለተኛውንም ዋጠች። እኔ ምን አደረግሁ? ቀበቶዬን ታጥቄ ደንገሉን በርግጫ ስመታ አመሸሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርሁ።

ሲነጋ ዘሃራ ከአልጋ አልተነሳችም። ስታስመልስ ድምፅዋ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ጤና ጣቢያ ወስደው መለሷት፤ በአንድ ቀን ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳያት ፈራሁ። ለማንም አንናገርም ብለን ተማምለን ስለነበር ምን በላሽ ቢሏት አልተናገረችም። ጋሼ ይመር ወደ እኛ ቤት መጥተው በር ላይ ቆሙ። "ትርሲት ልጄ፣ አይዞሽ፣ አልቆጣም። ሐኪሙ የበላችውን ካላወቅሁ እቸገራለሁ ብሎኛል። ምን በላች?" አሉኝ። "እኔ አላየሁም ጋሼ" አልሁ። ራሴን ዳሰስ አድርገውኝ "እሺ የኔ ልጅ" ብለው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

እናቴ ግን እንደሳቸው አይደለችም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "እውነቱን አውጪ! አንቺም በልተሻል? ጾምሽን ገድፈሻል?" አለችኝ። ነጩ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። "እኔ አልበላሁም!" አልሁ። ይኼ እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! አፌ ግን ቀጠለ። "እነሱ ቤት እኮ የሸተተ ዓሣ ይበላሉ። ጥሬውንም ይበላሉ። እትዬ ከድጃ የተበላሸውን አጥበው ነው የሚጠብሱት፣ ለእኛም የሚልኩልን እሱን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።" ናቲ አጠገቤ ቆሞ ማስቲካውን ማላመጥ እንኳን አላቆመም። እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝ፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ወደ ደጅ ወጥታ አፏን ስትጉመጠመጥ ሰማኋት። የስንት ዓመት ሳህን ትዝ ብሏት ይሆን!

ዘሃራ ከሳምንት በኋላ ተሻላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ናቲ ጌሙን ይዞ አገሩ ገባ። እኔም ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ቆረብሁ፤ በዚያው አፍ። ጾሙ በተፈታ ዕለት ማለዳ ባለ ሰማያዊ መስመሩ ሳህን እንደ ወትሮው መጣ፤ ያመጣችው ዘሃራ አልነበረችም፣ እትዬ ከድጃ ራሳቸው በር ላይ አስቀምጠውት ነው የሄዱት። እናቴ ክዳኑን እንኳን አላነሳችም። "መልሺላቸው። አሞናል፣ አንበላም በያቸው" አለችኝ። ከዚያ በፊት ያ ሳህን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ያን ቀን እንደሞላ ተመለሰ፣ ተሸካሚዋም እኔ ነኝ። እትዬ ከድጃ ተቀበሉኝ፣ ከፈቱት፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። "ሁላችሁንም ነው ያመማችሁ?" አሉኝ። "አዎ።" "አላህ ያሽራችሁ" አሉና ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ለመስቀል አንድ ጊዜ ደግመው ሞከሩ። እሱም ተመለሰ፤ ከዚያ ቀረ። እኔም ሳስነጥስ ከማዶ የሚመልስልኝ ጠፋ።

አባቴ ቤት ሠርቶ ከዚያ ግቢ ስንወጣ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ዓሣ ግን የዚያኑ ክረምት ነው እርም ያልሁት። እናቴ "አየሽ፣ ልጄም ተጠየፈችው" እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

ባለፈው ዓመት እትዬ ከድጃ ማረፋቸውን ሰማሁና ለቅሶ ሄድሁ። ዘሃራ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች፣ ገበያው ውስጥ ሱቅ አላት። ሰው ሳሳ ሲል ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። "እናቴ እስክታርፍ ድረስ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር" አለችኝ። "'ምን አጉድዬባቸው ይሆን?' ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ስታጥብ ብታያት! ሥጋው እስኪበታተን ድረስ ነው። ሎሚ፣ ጨው፣ እንደገና ሎሚ። አባቴ 'ምነው ከድጃ፣ ዓሣው ውሃ ሆኖ አለቀ እኮ' እያለ ይስቅባት ነበር።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። "እኔ ነኝ ዘሃራ፣ ለእናቴ የነገርኋት እኔ ነኝ" አልሁ። እየተንተባተብሁ ሁሉንም ነገርኋት። ስጨርስ "አውቃለሁ" አለች። "ታምሜ ተኝቼ በግድግዳው በኩል ሰምቼሻለሁ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ቧንቧ ሄዳ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?"

ሻሿን አስተካከለች። "በጣም ትወድሽ ነበራ። ሳህኑ ቀረባት፤ አንቺም ትቅሪባት?"

ዛሬ የምኖርበት ቤት አጥሩ ግንብ ነው። ጎረቤቴ ምን እንደሚበላ አላውቅም፣ እሱም የእኔን አያውቅም፤ የእኔ ዕድሜ ሰው ሲገናኝ ድሮ እንዴት ነበር፣ ዘንድሮ ሰው ጠፋ እያለ ያዝናል። እኔ በዚህ ወሬ ላይ ዝም እላለሁ፤ ዘመን የሠራውንና እኔ የሠራሁትን ለይቼ አውቃለሁ። እትዬ ከድጃ ሳህናቸው ከቆመ በኋላ እንኳን፣ ከዚያ ግቢ እስክንወጣ ድረስ፣ በየማለዳው በራቸው ላይ ሆነው "ትርሲቴ፣ ደህና አደርሽ?" ይሉኝ ነበር። ሲብስብኝ በጓሮ በኩል መውጣት ጀመርሁ። እሳቸው ግን ወጥቼ መሄዴን ስለማያውቁ በዝግ በራችን ላይ ይጠሩኝ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።