ሽማግሌ አይሮጥም

በሞያሌ ሽማግሌ አይሮጥም። ወጣት ሲሮጥ ቢታይ ኳስ ነው ይባላል፤ ወይም መኪና ሊያመልጠው ነው። ጢሙ የነጣ ሰው ከሮጠ ግን ክፉ ነገር ከኋላው አለ ማለት ነው። ጎሳ ከጎሳ በተጋጨበት በግርግሩ ጊዜ እኛ ሰፈር መጀመሪያ ያየነው የሚሮጡ ሽማግሌዎችን ነው፤ ተኩሱን የሰማነው ቆይተን ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ከተማ ሽማግሌ ሲሮጥ ካየ ሱቁን ይዘጋል እንጂ "ምን ሆኑ?" ብሎ አይጠይቅም።

እኔም ይህን እያወቅኩ ነው የሮጥኩት። የሚያውቁትን በሰዓቱ ማስታወስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስኳር እንዳለብኝ የነገረችኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ቦረንኛውን ከስዋሂሊ እየቀላቀለች ነው የምታወራው፤ ሽማግሌውን ሁሉ "ምዜ" ትላለች፣ እንደ አገሩ ወግ። "ምዜ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጠው ይውላሉ። ኪኒኑ ብቻውን አይችለውም። ይንቀሳቀሱ፤ ከቻሉ ሶምሶማ ይሩጡ" አለችኝ። ከዚያ ስኳር እግርን እንዴት እንደሚያደነዝዝ፣ ቁስልም እንዴት እንደማይድንለት ነገረችኝ። እሷ ስታወራ እኔ የማስበው አንድ ሰው ነበር። በመስጊዳችን በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ፣ እግሩን ስኳር የወሰደበት ጎልማሳ አለ። ሁልጊዜ ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ስለው ዓይኔ ወደ ታች እየሄደ አስቸገረኝ።

ሱቄ ማንያታ ሰፈር ነው። ሚቱምባ ጫማ እሸጣለሁ፤ ሰው ተጫምቶ የተወው፣ ከባሕር ማዶ በቦንዳ የሚመጣ። ስለዚህ መሮጫ ጫማ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፣ ከራሴ ክምር መረጥኩ። መጀመሪያ ሰፋ ያለውን ሞከርኩ፤ እግሬ ውስጡ ያለ አልመሰለኝም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው፣ ሰማያዊው፣ ጥብቅ አድርጎ ሲይዘኝ "እሰይ፣ ይኸ ነው" አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጫማ አፍንጫ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ "ጠቧል፣ ይቅርብህ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን አውራ ጣቴን አልጠየቅኳትም።

ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ በኦዳ መንገድ ወጣሁ። ጥቂት እንደሮጥኩ ሱቋን ልትከፍት የነበረች ሴት አየችኝና ቆርቆሮውን መልሳ ዘጋችው። ሌላዋ ፍየሎቿን ወደ ግቢ እየገፋች አስገባች። ሰው በሞተር የሚያመላልስ አንድ የቦዳቦዳ ልጅ ከጎኔ አቆመ።

"ባባ፣ በየት በኩል ነው?"

"ምኑ?"

"ጠቡ ነዋ።"

"ጠብ የለም ልጄ። ለስኳር ነው የምሮጠው።"

"ስኳር ሊጠፋ ነው?" አለና መልሴን ሳይጠብቅ ሞተሩን አዙሮ ወደ ገበያ በረረ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። መታወቂያዎቻችንን በደረቷ ሸጉጣ፣ ልብስ ጠቅልላ፣ ድስቱን በፌስታል አንጠልጥላ። "የት ነበርክ? ሰው እየሸሸ ነው፣ ወደ ወዲያ እንሻገር" አለችኝ። ወዲያ የምንለው የኢትዮጵያን በኩል ነው።

"ማን ሸሸ?"

"አንድ ሽማግሌ በኦዳ መንገድ ሲሮጥ ታየ ይላሉ። ሰማያዊ ጫማ ያደረገ..." እዚህ ላይ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ።

አልተቆጣችም። ድስቱን መሬት አስቀመጠችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በግርግሩ ጊዜ ያንኑ ድስት ይዛ እንዴት እንደሮጠች እኔ አውቃለሁ። ዳግም እንደማልሮጥ ለራሴ ነገርኩት። ግን መስጊድ ስሄድ ያ ወንበር አለ። ባልሮጥ ለእግሬ ፈራሁ፣ ብሮጥ ለእሷ ፈራሁ።

መላውን ያመጣው የሱቅ ጎረቤቴ ነው። ገመድና ጀሪካን ይሸጣል፣ እኩያዬ ነው፣ ቁም ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። "ሞት በእግሩ እየመጣልህ አንተ ልትቀበለው ትሮጣለህ?" አለኝ፤ ሳቀና ደግሞ የፍየል ገመድ ወረወረልኝ። "ይህን ይዘህ ሩጥ። ገመድ የያዘ ሽማግሌ ከብት ጠፍቶበት ነው። ማን ይደነግጣል?"

እውነትም ማንም አልደነገጠም። ግን እኔም እሱም አንድ ነገር ረስተን ነበር። በኛ አገር ገመድ ይዞ የሚሮጥ ሰው ያየ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ነውር ነው፤ አብሮ ይፈልጋል። "ምን ጠፋህ? መልኳ ምን ዓይነት ነው?" ይሉኛል። እኔ ትንፋሼ አጥሮ እጄን ሳወዛውዝ እነሱ እጄ በተወዛወዘበት ወደ ጫካው ይገባሉ። በማግስቱ "አልተገኘችም?" ይላሉ። "አይ፣ አልተገኘችም" እላለሁ፤ ውሸትም አይደል፣ እውነትም አይደል። ሌላ ጭንቀት ተጨመረብኝ። ከጎዶማ ድረስ የመጣ እረኛ ሳይቀር ስለ ፍየሌ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ ኦዳ ላይ አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። አንዲት ቡናማ ፍየል አጥራቸው ላይ ታስራለች። "ና ልጄ፣ አገኘሁልህ። ባለቤት የላትም፣ ያንተው ናት" አሉኝ። ነጭ ጢም ይዤ ልጄ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቷል፣ ልዋሽ አልቻልኩም።

"እናቴ፣ ፍየል የለኝም። እየሮጥኩ ነው።"

"ከማን?"

"ከስኳር በሽታ።"

አሰቡበት። "ታዲያ ገመዱን ምን ትሠራበታለህ? ልታስረው ነው?"

በሦስተኛው ቀን የኦዳ መንገድ በሙሉ ወሬውን ሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሱቅ የሚዘጋልኝ ጠፋ፣ የሚስቅብኝ በረከተ። ባለቤቴ ግን አሁንም ስወጣ በር ላይ ትቆማለች፤ ስመለስም እዚያው ናት።

የከተማው ወጣቶች የሰላም ሩጫ አዘጋጁ፤ ከኦዳ እስከ ሜዳው፣ ጎሳ ከጎሳ ተደባልቆ። ሽማግሌዎችም ይሩጡ ተባለ። ሲስተሯን ጠየቅኳት። "ቀስ ብለው ከሆነ ይሩጡ። እግርዎን ግን በየቀኑ ይዩት" አለች። እኔም አየሁት፤ የላዩን። የታቹን ለማየት ወገቤ አይታዘዝልኝም።

ጠዋቱን ኦዳ ላይ ተሰበሰብን። ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያሰረ አለ፣ ከዘራውን ያልለቀቀ አለ። ጎረቤቴም መጥቷል፣ "እኔ አንደኛ ወጥቼ ይህን ሰው ዕድሜ ልኩን ሳሳፍረው እኖራለሁ" እያለ። መንገዱ ግማሽ ላይ ሻይ ቤት አየና "አንተ ቀጥል፣ እኔ ሻዩን እጠብቃለሁ" ብሎ ገባ፤ ከዚያም አልወጣ።

ከጎኔ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ይሮጥ ነበር። ከአነጋገሩ ያኔ እኛ ከሸሸናቸው ሰዎች መሆኑን አወቅኩ። እሱም አውቆኛል መሰለኝ። ብዙ ሳንነጋገር ከሄድን በኋላ፣

"ያኔም በዚህ መንገድ ሮጠን ነበር፤ እናንተን ፈርተን" አለኝ።

"እኛ ደግሞ እናንተን ፈርተን በዚያኛው በኩል" አልኩት።

"ዛሬ ይሻላል" አለና ትንፋሽ አጥቶ ቆመ። ልጠብቀው ስል በእጁ ሂድ አለኝ።

ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። ያን ጊዜ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽም ብሎኛል። ነገር ግን ሁለቱ እግሮቼ አልተስማሙም። ግራ እግሬ መሬቱን ይነግረኛል፤ ጠጠሩን፣ ጉድጓዱን፣ የአስፋልቱን ጫፍ። ቀኝ እግሬ ምንም አይለኝም። የሌላ ሰው እግር ይዤ እንደምሮጥ ነበር። ሜዳው ስደርስ ከኋላዬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቴ ሩጫው የሚያበቃበት ገመድ ጋ ቆማ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ "ካልሲህ ቀልቷል" ነው።

"አቧራ ነው" አልኳት።

እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጫማውን ሳበችው፤ እምቢ አለ፣ እግሬን አሳብጦት። ካልሲው ሲወጣ ከትንሿ ጣት በታች ያለው ቆዳ አብሮ መጣ። እሷ ፊቷን ጨመደደች። እኔ የሰው እግር እንደማይ ነው ያየሁት። ያ ነው ያስፈራኝ፤ ደሙ አይደለም።

ከሜዳው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሲስተሯ ያን ቀን እንደ ልማዷ አልተቆጣችኝም። "መቼ ነው የተላጠው?" አለች። አላውቅም። "አላመመዎትም?" አላመመኝም። ከዚያ ሰማያዊውን ጫማ አንስታ በእጇ አጠፍ አጠፍ አደረገችው። "ይኸ ለእርስዎ ሁለት ቁጥር ያንሳል። የደነዘዘ እግር እንዲህ ነው፤ ካልተጨመቀ ጫማ ውስጥ ያለ አይመስለውም።" ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ገብቶኛል፤ ጫማ ሻጭ ነው እኮ።

ሲስተሯ አሰረችልኝ፣ መድኃኒት ሰጠችኝ። "ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ወደ ማርሳቢት ሆስፒታል እልክዎታለሁ" አለችኝ። ማርሳቢት ሄዶ ምን እንደሚደረግ አልጠየቅኳትም። ያ በወንበር የሚሰግደው ሰውም መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነው። ሱቅ ውስጥ እግሬን ሣጥን ላይ ሰቅዬ እውላለሁ። ለሶላት ስታጠብ፣ ዉዱእ ሳደርግ፣ ፋሻውን እንዳላረጥብ ሼኻችን "በላዩ አብሰው፣ ይበቃሃል" አሉኝ፤ እኔ ግን ሳብሰው እጄ ይፈራል። ሰጋጁ ሁሉ በሩ ጋ ካለው ወንበር ጎን ሌላ ባዶ ወንበር እንዳለ ያስተዋለ አይመስልም። እኔ አስተውያለሁ።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ፣ ባለቤቴ በር ላይ ታስቀምጠኝና ፋሻውን ትፈታለች። እኔ ወደ መንገዱ አያለሁ።

"ጠቁሯል?"

"አልጠቆረም።"

"በደንብ እይው።"

"በደንብ አየሁት።"

"ሸተተ?"

"ያንተ እግር መቼ ሳይሸት ኖሮ ያውቃል?"

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ደግማ አሸተተች፣ ቀስ ብላ፣ በርበሬ እንደምትመርጥ ሴት። "የለም" አለች። በዚያች "የለም" እስከሚቀጥለው ዐስር እቆያለሁ። አንድ ቀን ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝና ምግብ አልበላልኝ አለ፤ ኋላ ስጠይቃት አስነጥሷት ነበር አለች። አመንኳት መሰላችሁ?

ጎረቤቴ በየቀኑ ይመጣል። "አንደኛ ልወጣ ነበር፤ ላንተ ስል ነው ሻይ ቤት የገባሁት" ይለኛል። እግሬን ግን አያይም። ስለ እግሬ ምንም አለመቀለዱ ከሁሉ ይልቅ አስጨነቀኝ።

ለማሳየት የተቀጠርኩበት ቀን ሲደርስ ባለቤቴ አብራኝ ሄደች። በሩ ክፍት ነው፤ ከደጅ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ሲስተሯ ፋሻውን ፈታች፣ መብራቱን አቀረበች፣ በመቆንጠጫ የሆነ ነገር ነካካች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ቆርቆሮው ላይ ምስማሮቹን ተከተልኩ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለችኝ። በቀጭን ክር ትነካኝ ነበር፣ ሲነካኝ "አዎ" እንድል። ጣቴ ላይ ምንም የለም። ተረከዜ ላይ የተነካ መስሎኝ "አዎ" አልኩ፤ "ገና አልነካሁዎትም" አለች። ፈተና ላይ እንደሚገምት ተማሪ ሆንኩ፤ ለነገሩ ትምህርት ቤትም ብዙ አልቆየሁም። ከዚያ ክሩን ተወችና ቁስሉን ልታጥብ አንድ ነገር ጨመረችበት።

እሳት ነው። እግሬን ስነጥቅ ጉልበቴ ወንበሩን ገለበጠው። "ወይኔ፣ አቃጠልሽኝ!" አልኩ።

ሲስተሯ እጇ አየር ላይ ቀረ። "የት? እዚህ?" ደግማ ነካችኝ፣ ደግሜ ጮኽኩ። መቆንጠጫዋን አስቀመጠች። "ሥጋው ቀይ ነው፣ ከውስጥ እየሞላ ነው። ጣቶቹ አይሰማቸውም፣ ያ አይመለስም። የእግርዎ መሃል ግን ይሰማዋል" አለች። "ማርሳቢት የለም። ሰፊ ጫማ፣ በእግር መሄድ ብቻ፤ ሩጫውን እስከምነግርዎ ድረስ ይተዉት። ሚስትዎም ሁልጊዜ ይዩልዎ።"

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ሁለት እጇን አንስታ "አልሐምዱሊላህ፣ አመመው" አለች። ድምፅዋ ደጅ ድረስ ተሰማ። በሩ ጋ ተራ ይዛ የነበረችው ሴት ቀና ብላ እሷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ልጇን ጠጋ አድርጋ አቀፈችው።