ጋሼ ደምሰውና የጠጁ ሕግ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ እትዬ ዘውዴ ምግብ ቤት፣ አይዲ ቼክ ማድረግ የጀመርኩት በፈረንጅ 2012 ነው። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘውዴ በፕላስቲክ የተለበጠ ሰንጠረዥ ሰጡኝ። ጠጅ ለመጠጣት ሰው ሃያ አንድ፣ የዋሻ ድንክ ሃምሳ፣ ግዙፍ ሰማንያ ዓመት መሙላት አለበት ይላል። ከሥሩ «ሌላው ፍጡር ሁሉ፣ ሃያ አንድ» ተብሎ ተጽፏል።

«አንዴ ከተሳሳትሽ ላይሰንሳችን ሄደ ማለት ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ወገቤ ላይ የማይደርስ ክንፋም ገብቶ ወንበር ላይ ወጣ። አይዲውን አየሁ፤ ስምንት ዓመት።

«ማሙሽ፣ እማዬ የት አለች?» አልኩት።

«እናቴን ከቀበርኩ አምስት ዓመቴ ነው» አሉኝ። «የልጅ ልጆች አሉኝ። ጠጅ አምጪልኝ።»

ክንፋሞች አሥራ ሁለት ዓመት ከኖሩ ብዙ ነው፤ በሦስት ዓመታቸው ትዳር ይይዛሉ። እኔ ይህን የት አውቄ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ሃያ አንድ የሚሞላ ክንፋም ደግሞ ተወልዶ አያውቅም። ይቅርታ ጠይቄ ለልጆች የምንሰጠውን ብርዝ አመጣሁላቸው፤ ያልፈላ የማር ውሃ ነው። እየተነጫነጩ ጨረሱት።

ጋሼ ደምሰው ይባላሉ። ሥራቸው ፓርኪንግ ነበር፤ ከላይ እየበረሩ ለሹፌሮች ባዶ ቦታ ያሳያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታክሲ ነጂዎች ጋር ይመጣሉ። እኛ ቤት ደግሞ የሚመርቀው ጠጅ በብርሌ የያዘ ነው፤ ብርዝ የያዘ ይታለፋል። ሶ፣ የገዛ ልጅ ልጃቸው ቀለበት ያሰረ ቀን፣ አንድ የሠላሳ ዓመት ታክሲ ነጂ ተነስቶ መረቀ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው «አሜን» አሉ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ኦክቶበር ላይ ሕጉ መቀየሩን ሰማን፤ ለክንፋም ሦስት ዓመት፣ ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ። ጋሼ አሥራ አንድ ሞልቷቸዋል። መብረር ትተው በፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ነው የሚመጡት። ሳላቸውን ስሰማ ፈራሁ።

«ጋሼ፣ በሻይ ኩባያ ላምጣልዎት፤ ማን ያያል?» አልኳቸው።

«ተደብቄማ አልጠጣም፣ ልጄ። ሌባ ነኝ እንዴ?»

እትዬ ዘውዴ ሰምተው ኖሮ ጓዳ ጠርተው ልክ ልኬን ነገሩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ብቻ እሱ እዚያ ያድርሳቸው» አሉ።

አደረሳቸው። ጃንዋሪ አንድ፣ በቀትር፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ሳልጠይቅ አይዲያቸውን ዘረጉልኝ።

«ቼክ አድርጊው» አሉ።

ከፊትም ከጀርባም አየሁት። እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ቀዱ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ቆመው ብርሌውን ከፍ አደረጉ።

«ከሰው በላይ አያስታብያችሁ፤ ከሰው በታች አያድርጋችሁ!»

ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። ጋሼ አንዴ ተጎነጩና ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ውይ! ለዚህ ነው እንዴ? በሉ ብርዜን አምጡልኝ።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። ብርዙን ሳቀርብላቸው፣ «ዛሬ እኔ መርጬ ነው» አሉኝ። የሞቱት በዚያው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው።

አሁን በር ላይ ለሚቆሙት ልጆች የማስተምረው አንድ ነገር ነው። አይዲ ከመጠየቃችሁ በፊት አንቱ በሉ። ልጅ ሆኖ ከተገኘ ይስቃል እንጂ አይቀየማችሁም።