የተራራው ባቡርና የአያቴ መርዶ

ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ሠረገላውን ሽቅብ ሲጎትት የሚያሰማው ድምፅ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላም አልተለወጠም። ዘንድሮ እዚህ እስራኤል፣ በፋሲካ ሰሞን የአሥር ዓመት ልጄን ናታንን ይዤ ሉና ፓርክ ወደሚሉት መጫወቻ ስፍራ በር ስጠጋ፣ ዓይኔ ገና ምንም ሳያይ ጆሮዬ ቀድሞ ሰማውና እርምጃዬን ገታሁ። ልጄ «ኢማ፣ ፈራሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ የፈራሁት ባቡሩን አልነበረም።

ያደግነው ቂርያት ጋት ከተማ፣ ሊፍት በሌለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ስለነበር፣ በዚህ አገር ክረምት፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲውል፣ የጥጥ ብናኝ ጢሙ ላይ እንደያዘ በስብሶ ይገባና ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ቴፑ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ቴፑ ውስጥ ያለችው እናቱ ነበረች። አባቴና እናቴ እኔን አዝለው ወደዚህ ለመምጣት በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወርዱ፣ አያቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጎንደር ገጠር ቀርታ፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልክለት ነበር። ስለ ላሟ ታወራለች፣ ጎረቤቶቿን ትረግማለች፣ ሁልጊዜ የምትጨርሰው ግን «ጥርስህን ሳላይ አልሞትም፣ ልጄ» ብላ ነው። አባቴ ይህቺን ቦታ እየመለሰ ይሰማታል። ጥርሱን እኛም አይተነው አናውቅም፤ ሲስቅ እንኳ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ሰው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ቫዓድ የሚሉት የፋብሪካው የሠራተኞች ኮሚቴ በበዓሉ መካከል ለሠራተኛው ቤተሰብ የሉና ፓርክ ትኬት አደለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትኬቶቹን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ክፍሌ ያሉት ልጆች ሁሉ በዕብራይስጥ የተራራ ባቡር በሚሉት፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወረወር መጫወቻ ላይ ወጥተዋል፤ ያልወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ይህም እንደ ትልቅ ውርደት ይቆጠር ነበር።

መሄጃችን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቴ ምኩራብ ሳለ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ፈንታ መጣ። ቤት አልገባም፤ እናቴን ደረጃው ላይ ጠራት። እኔ ከእነሱ በላይ፣ የአራተኛው ፎቅ መውጫ ላይ ተቀምጬ በጠመኔ እሥል ነበር።

«የማረው እናት አርፋለች። ካረፈች ወር ሆኗታል» አላት። ማረው አባቴ ነው።

እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አያ ፈንታ ቀጠለ፤ «ሽማግሌዎቹም ቄሱም በዓሉ ይውጣ ብለዋል። በበዓል ለቅሶ የለ፣ አሁን ሰምቶ ሳያለቅስ ቢቀመጥ ሐዘኑ ውስጡ ይቀራል።»

«ነገ እኮ ልጅቷን ይዞ ሊጫወት ነው የሚሄደው!»

«ይሂድ። ቢቀር ይጠረጥራል።»

እናቴ ቀና ስትል እኔን አየች። ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ሆድ ይፍጀው። ትንፍሽ ብትይ ደመኛዬ ነሽ» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ቀን ማታ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጥነው ሁሉ የማያውቁት ባለቤቱና ጡት የሚጠባው ወንድሜ ዮሲ ብቻ ነበሩ። አባቴ ለምን እንደማልበላ ጠየቀኝ፤ ነገን እያሰብኩ መስሎት ራሴን ደባበሰኝ።

በነጋታው እናቴ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። የለቅሶ ቤት ልታዘጋጅ እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ የሰንበት ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ማጻ የሚሉትን የበዓሉን ቂጣና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዞ በፋብሪካው አውቶቡስ ሄድን። የተራራው ባቡር ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት ነበር፤ አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሽቅብ አየውና «ይሄን ነው ተራራ የሚሉት? የእኛ ፍየሎች ጉብታ ነው ብለው ያልፉት ነበር» አለ። ልጁ አጠገቡ ስለሆነች ይቀልድ ነበር። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ጫማዬን አሰርኩ።

ባርኔጣውን አስወልቀውት ከጉያው ሸጎጠው። ብረቱ ጭናችን ላይ ተዘጋ፤ ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጎትተን ጀመር። ከላይ ስንደርስ ባሕሩ ታየ። አባቴ አንገቱን አስግጎ «ትንሽ ከፍ ቢል እኮ የእማዬ ቤት በታየኝ» አለ።

አላስቻለኝም። የእናቴን ማስፈራሪያም ሽማግሌዎቹንም ረሳሁና «አባ…» አልኩ።

የፈራሁ መሰለው። «አይዞሽ፣ ያዢኝ» አለኝ።

ወዲያው ወደቅን። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ በዚያ ጩኸት መሃል አባቴ ሲስቅ ሰማሁት። ዞሬ ሳይ አንድ እጁ እኔን፣ አንድ እጁ ባርኔጣውን ይዞ አፉን የሚሸፍንበት እጅ አልነበረውም። ከኋላ አንድ ጥርስ እንደሌለው ያን ቀን አወቅሁ። አያቴ ማየት የፈለገችው ይህን ነበር፤ እኔ አየሁላት፣ አለቀስኩም። ስንወርድ እንባዬን በኮቱ ጫፍ ጠርጎ «ነፋሱ ነው» አለኝ።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» አልኩት። ባቡሩን ወድጄው አልነበረም። ወደ ቤት እንዳንሄድ ነው። አራት ጊዜ ወጣን፤ አራት ጊዜም ሳቀ። በአውቶቡስ ስንመለስ በሚቀጥለው ካሴት ለእናቱ የሚላትን ይለማመድ ጀመር፤ «እማዬ፣ በእንጨት ተራራ ላይ በባቡር ወጣሁልሽ» እያለ፣ ከወደ ኋላ የተቀመጡት የሥራ ጓደኞቹ ይስቁ ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ።

በዓሉ በወጣ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ለጠዋት ፈረቃ ለብሶ፣ የምሳ ቦርሳውን አንግቶ ነበርና ጓደኛው የመጣ መስሎት «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ከፈተው። ደረጃው ከታች እስከ ላይ ሰው ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ቃል ሳይናገር ቦርሳው ከትከሻው ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ አልደፍርም፤ ደረቱን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ይበቃል።

ከሰባቱ የሐዘን ቀናት በአንዱ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ መሬት ላይ ከተቀመጠበት ጠራኝ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እንደዚያ ስስቅ እያየሽኝ?»

አልተቆጣም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ጉዳዩ የሽማግሌ ነው፣ ልጅ ምን ታድርግ አለችው፤ እሱ ግን የጠየቀው እኔን ነበር። አፍሬ ነበር፣ እስካሁንም አፍራለሁ።

በጋው ገባ። ልጆች ከብሎኩ ሥር እስኪመሽ ይጫወታሉ፣ አባቴ ወደ ፈረቃው ተመልሷል፣ ቴፑ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይለብስ ነበር። ማንም ጎረቤት የሚያስቅ ነገር ሲያወራ፣ አባቴ ከመሳቁ በፊት መጀመሪያ የእኔን ዓይን ያይ ነበር። የተደበቀ ነገር እንደሌለ ካላረጋገጠ አይስቅም። ይህ ልማድ ቀርቶበት አያውቅም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ አይቶኛል።

አሁን ካርሜ ጋት በሚባለው የከተማችን አዲስ ሰፈር፣ ሊፍት ባለው ፎቅ እኖራለሁ። አባቴ አርጅቶ፣ ታሞ ዮሲ ቤት ተኝቷል፤ ዘንድሮ ዮሲ «እኔ አባ ዘንድ አለሁ፣ ልጁን አዝናኚው» ብሎ ነው የላከኝ። ባቡሩ ዛሬ ብረት ነው፣ ሰንሰለቱ ብቻ ያው ነው። አንድ ዙር ወጥተን ስንወርድ ዮሲ ደወለ። «አባ ተኝቷል። አትቸኩሉ፣ ስትመለሺም ቀስ ብለሽ ንጂ» አለኝ። ድምፁ የለሰለሰ ነበር፤ ዮሲ እንዲህ አያናግረኝም።

ዞር ስል ናታን ስልኩን እያየ ቆሟል፤ የዮሲ ልጆች መልእክት ልከውለታል። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ ሰው እያየ እጄን መያዝ ካቆመ ዓመት ያለፈው ልጄ፣ መጥቶ እጄን ያዘ። መዳፉ ቀዝቅዟል።

«ኢማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» አለኝ፤ ዓይኔን አላየም።

አባቴ እንደሞተ ያኔ አወቅሁ። በእኔ ጊዜ መርዶ በረሃና ባሕር አቋርጦ በወሩ ይደርስ ነበር፣ ዛሬ በደቂቃ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን አሁንም አንድ ልጅ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ልጄን ታውቃለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ያ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

«እሺ» አልኩት፣ ተሰለፍን። ብረቱ ጭናችን ላይ ተዘጋ፣ ሰንሰለቱ መጎተት ጀመረ፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ናታን ወደ እኔ ዞሮ «ኢማ…» አለ።

«አይዞህ፣ ያዘኝ» አልኩት።