ውሆቹን የዘመረው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ወጣቶች ከሰንበት ትምህርት ቤት ቤቴ ድረስ መጡ። እኔ ወንበር እያልኳቸው እነሱ ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ። የቀድሞ መዝሙር መምህራችንን የጋሽ ደምሴን የፍጥረት መዝሙር ከአርባ ዓመት በኋላ ሊያነሡት ነው። ግጥሙን ከቀድሞ ዘማሪዎች ለቃቅመው በቴሌግራም ተቀባብለውታል፤ የቸገራቸው የውሆቹ ክፍል ነው። "እትዬ ውድነሽ፣ ያንን እንደ እርስዎ ያወጣው የለም ብለውናል፤ እባክዎ ያስጠኑን" አለችኝ አንደኛዋ። ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምድጃውን እንዳልለኮስኩት ያየሁት ብዙ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ፣ እናቴ ደግሞ ልጄ ዘማሪ ሆነች ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ የማትጠግብ ሴት ነበረች። የከዳኝ ድምፄ ነው። በዚያው ዓመት ወፍሮና ሻክሮ አረፈው፤ ከፍ ላድርገው ስል ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ላድርገው ስል ይጠፋል። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋሽ ደምሴ ለብቻዬ ጠራኝና፣ "ውድነሽ፣ እስከ እሑድ ድምፅሽ ካልተስተካከለ የዘማሪ ቀሚስሽን ለሌላ ልጅ እንሰጠዋለን፤ እንዳትቀየሚኝ" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ለእናቴ ምን ብዬ ልነግራት ነው?

ጋሽ ደምሴ ከደብረ ብርሃን በኩል ለጉምሩክ ሥራ ተመድቦ የመጣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ድሬዳዋ ከገባ ገና መንፈቁ ነው። ሙቀቱ አሽመድምዶት እንኳ አገራችንን ከእኛ በላይ ያደንቅ ነበር፤ ተራራው፣ አሸዋው፣ በየአጥሩ ላይ የሚቀላው ቲኒ፣ ያ እሾሃሙ በለሳችን ማለቴ ነው፣ ሁሉም ለእሱ ምስጋና ነበር። ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ሆነው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና እንደጠሩ እያሰበ ነው መዝሙሩን የደረሰው። እሱ እየጠራ ይጠይቃል፤ ተራሮች፣ ነፋሳት፣ ዕፅዋትና ውሆች በየተራቸው ይመልሳሉ። እኔና ሁለት ልጆች ውሆች ነበርን። "ውሆች ሆይ፣ ወዴት አላችሁ?" ሲለን፣ "መጣን፣ ልናመሰግን መጣን" እንላለን።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በነሐሴ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ስለዚህ ደቻቱ ድልድይ ሥር እንለማመድ ነበር። ወንዙ ወንዝ ይባል እንጂ አሸዋ ነው፤ ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ገበያ በእግሩ ያቋርጠዋል፣ አህያና ፍየል ይተኛበታል። ድልድዩ ሥር ጥላ አለ፤ ዘጠኝ ልጆች ሲዘምሩ ደግሞ ሃምሳ ሰው ያስመስላል። ጋሽ ደምሴ ቦታውን ያገኘው ራሱ ነው፣ ተደስቶም ነበር። በእሱ አገር ጎርፍ የሚመጣው ዝናቡ በሰው ራስ ላይ ሲወርድ ነው። እኛ የድሬ ልጆች ግን ከጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው፤ ዝናቡ ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ፀሐይ በወጣበት ሰማይ ሥር ይመጣብናል። አንዳችንም አልነገርነውም። ለታላቅ ሰው፣ ያውም ለመዝሙር መምህር፣ እዚህ አትቁም ይባላል እንዴ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጸሎት ወጥተን የምስር ሳምቡሳ በልተን ነው የወረድነው። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ምሰሶው አጠገብ ወተት ሻጯ ሀዎ ሁለት ፍየሎቿን ይዛ አርፋለች። ተራሮቹ መለሱ፣ ነፋሳቱ መለሱ። ዕፅዋቱ ሲዘምሩ ፊቴን ቀዝቃዛ አየር ነካኝ። የረጠበ አፈር ሸተተኝ፤ ዙሪያችን ግን ደረቅ አሸዋ ነው። የሀዎ ፍየሎች ተነሥተው ቆሙ።

"ውሆች ሆይ፣ ወዴት አላችሁ?"

"መጣን" አልን ሦስታችን። ከእኛ ሥር አራተኛ ድምፅ አብሮን መለሰ። ወፍራም ነው፣ አይቆራረጥም፣ ከጆሮ ይልቅ በእግር ጫማ ይሰማል። እኛ ትንፋሽ ስንወስድ እሱ አልወሰደም።

ጋሽ ደምሴ ዓይኑን ጨፈነ። "ውድነሽ!" አለ። "ይኸው! ይህን ነበር የምፈልገው። የት ደብቀሽው ነው? ድገሙት።"

ልጆቹ ሁሉ በአድናቆት አዩኝ። እኔ ከንፈሬን ብቻ ነበር ያንቀሳቀስኩት፤ ድምፄ እንዳይሰነጠቅ ፈርቼ አልዘመርኩም። ያ ድምፅ ምን እንደሆነም አውቄያለሁ። አላወቅሁም ብዬ ለራሴ ያልኩባቸው ዓመታት አሉ፤ ግን አውቄ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ "ጋሼ፣ እንውጣ" በማለት ፈንታ ከጓደኞቼ ጋር "መጣን" አልኩ። ደገምነው። ሠለስነው። በሦስተኛው ድምፁ ድልድዩን ሞላው፣ ጋሽ ደምሴም አለቀሰ።

"ዳድ! ዳድ!" ብላ ጮኸች ሀዎ። በሶማሊኛ ጎርፍ ማለቷ ነው። "ውጡ አቦ! ምን ትዘፍናላችሁ፣ ውጡ!"

ቡናማ ግድግዳ ግንድ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ጋሽ ደምሴ አንድ በአንድ ወደ ዳገቱ ገፋን፤ እኔን መጨረሻ ነበር የገፋኝ። እሱን ውሃው ወሰደው። ታች ልብስ ከሚታጠብበት አካባቢ፣ ዛፍ ላይ ተሰክቶ፣ ሰዎች በገመድ አወጡት። ሕይወቱ ተርፏል። ጆሮዎቹ ውስጥ ግን ደለል ገብቶ መግል ያዘ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሞቹ የመስማት ተስፋ የለውም አሉ።

ሆስፒታል ልጠይቀው የሄድኩት ልናዘዝ ነበር። ብርቱካን ይዤ፣ ቃሉን መንገድ ላይ እያጠናሁ ሄድኩ። እሱ ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ። መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ፣ "ውድነሽ፣ ሁሉም ድምፅ ጠፋ፤ የአንቺ ብቻ ቀረ" አለኝ። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። "እዚህ አለ። ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። አሁንም እየዘመርሽ ነው።"

እናቱ ከደብረ ብርሃን መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኔው ግን ነቅዟል። በመስከረም ወደ አገሩ ወሰዱት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፉን ሰማን። ቀሚሱ ለእኔ ጸና። ድምፄም በኋላ ተስተካከለ፤ ሰው አማረ ይለኛል።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ልጆቹ ስልካቸውን ለመቅረጽ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ቁጭ ብዬ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ልጆቼ፣ ያን የዘመርኩት እኔ አይደለሁም። ጎርፉ ነው። እያወቅሁ ዝም ብዬ ሰው አስጎዳሁ" አልኳቸው።

ተያዩ። ከዚያ ያቺ አስጠኑን ያለችኝ ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እጄን ሳመችው። "አቤት ትሕትና!" አለች ለጓደኞቿ። "ሰማችሁ? ክብሩን እንኳ ለራሳቸው አይወስዱትም።"

አንድ ጊዜ ደግሜ ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ይበልጥ ወደዱት።